የቆመው ቁጥር

በአንድ ቤት ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር። እየተንቀራፈፈ ቢያስቸግር፣ ታላቅየው ልጅ ማታ ሙሉ የዲስክ ፍተሻ አዘዘበት። ከአምስቱ ደረጃ ሦስቱ በደህና አለፉ። አራተኛው ላይ፣ የፋይሎቹን ይዘት ሲያነብ፣ ቁጥሩ 12 ከመቶ ላይ ቀጥ አለ። ነግቶም 12 ነው።

«ደርቋል፤ ይነቀል» አለ ታላቅየው።

«በፍተሻ መሃል ከተነቀለ ያለውም ይበላሻል። ሳምንትም ቢፈጅ ይጠበቅ» አለ ታናሽየው።

ክርክሩ ሲካረር እናትየው የሰፈሩን ኮምፒዩተር ጠጋኝ አስጠሩ። ጠጋኙ እንደ ገባ ስክሪኑን አላየም። ተንበርክኮ ጆሮውን ከሳጥኑ ጎን አስጠጋ። ጠቅ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ጠቅ። ከፊት ያለችው ትንሿ መብራት አንዴም አልጠፋችም።

«አልቆመም» አለ። «ይህ ዲስክ እያንዳንዳቸው 512 ባይት የሚይዙ ወደ 977 ሚሊዮን ክፍልፋዮች አሉት። አንዱ ተጎድቶ አልነበብ ሲለው ደጋግሞ ይሞክራል እንጂ ቶሎ አያልፍም። ቁጥሩን የያዘው እሱ ነው።»

ታናሽየው ፊቱ በራ።

«ግን ይህ የደከመ ዲስክ ድምፅ ነው። ባስጨነቅነው ቁጥር የቀረችውን አቅሙን ይጨርሳል።» ወደ እናትየው ዞረ። «እትዬ፣ ውስጡ ምን አለ?»

«የአባታቸው ድምፅ» አሉ። «ስለ ልጅነቱ ሲያጫውታቸው የቀዱት።»

ወንድማማቾቹ አቀረቀሩ። ስለ ኮምፒዩተሩ ሲጨቃጨቁ ይህ ትዝ ያለው አልነበረም። ጠጋኙ ፍተሻውን አቋርጦ፣ በያዘው ፍላሽ ሊኑክስ አስነሣና ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጽፍ አስቀድሞ ድምፁን ገለበጠ። ፎቶዎቹ ተከተሉ፤ ጥቂቶቹ አልተነበቡም።

ይህን የማነሣው በየቤታችን ስላሉ አዛውንቶች ነው። መርሳት ሲጀምሩ አንዱ ልጅ «ሌላ ሐኪም ይያቸው» ይላል፤ ሌላው «ይረፉበት» ይላል። ሁለቱም ከፍቅር ነው፤ ሕክምናውም ይቅር አልልም። ግን ውስጣቸው ያለውን ማን ጠየቀ? ወሬ ጀምረው አንድ ስም ላይ ሲያዙ እኛው እንጨርስላቸዋለን፣ ወይም «ግድ የለም፣ ይተዉት» እንላለን። እነሱ ግን ያን ጊዜ እየፈለጉ ነው። ይህን ችኮላችንን ሳስብ ያመኛል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁና።

ባለፈው እሑድ አክስቴ የሰፈራቸውን ወንዝ ስም ፍለጋ ዝም አሉ። አቦሉ ላይ ነበርን። ስልኬ እየቀዳ ነው፤ ሌላ ወሬ አላመጣሁም። ቶናው ሲቀዳ መጣላቸው፤ የወንዙ ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው እንስራ ያዝሉ የነበሩ የሦስት ልጃገረዶች ስምም።