ስለ ጢስ ዓባይ ውኃና ስለ መብራታችን

ፍጥረት ሁሉ ለሰው ጥቅም ተሰጥቷል ሲባል ዘወትር እንሰማለን፤ እኛም በየትምህርታችን እንናገረዋለን። ነገር ግን ይህ ቃል እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ የምንመረምረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በየካቲት ወር በጣና ዳርና በዓባይ ገደል ላይ በእግር ስንመላለስ የዋልንበት አንድ ቀን ጥያቄውን ግድ አድርጎ አቀረበልን፤ ስለዚህ ያየነውንና ያሰብነውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ከባሕር ዳር ማልደን ስንነሣ አንድ በዕድሜ የገፉ መሪጌታና የወንድማቸው ልጅ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አብረውን ነበሩ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ይቀዝፋሉ፤ ከሩቅ የዘጌ ደን ጠቁሮ ይታያል። ዳር ዳሩን ይዘን ዓባይ ከሐይቁ እስከሚወጣበት ድረስ ሄድን። በዚያ አቅራቢያ፣ ጨረጨራ በሚባለው ስፍራ፣ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1996 የተሠራው ግድብ የሚወርደውን ውኃ መጠን በበሮቹ ይወስናል። ከዚያም 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዘን ጢስ ዓባይ መንደር ደረስን፤ ከመንደሩ ወዲያ መንገዱ የእግር ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን አቀበቱን ስንወጣ መሪጌታ መቋሚያቸውን እየተመረኰዙ ከሁላችን ቀደሙ።

ከፏፏቴው ፊት ለፊት ካለው አፋፍ ላይ ቆምን። በክረምት ሞልቶ ሲወርድ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ቁመቱም ከ40 ሜትር ያልፋል፤ ከሥሩ የሚነሣው ጉም ጢስ ስለሚመስል ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እኛ ያየነው ግን ጥቁር ገደልና በጎኑ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ውኃ ነበር። ወራቱ በጋ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ምክንያቱ በጋው ብቻ አይደለም። በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ከተሠሩ ወዲህ፣ ውኃው ከገደሉ በላይ በቦይ ተወስዶ መኪናውን ካዞረ በኋላ ከገደሉ በታች ወደ ወንዙ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋቱ የበለስ ጣቢያም ውኃውን የሚወስደው ከሐይቁ በምድር ውስጥ በተፈለፈለ መንገድ ነው፤ ያ ውኃ በበለስ በኩል ዞሮ ከዓባይ ጋር ቢገናኝም ይህን ገደል አያየውም።

ተማሪው ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «የኔታ፣ ይህ ውኃ ያመሰግን ነበር፤ አሁን አፉን ዘጉት» አለ። መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ልጄ፣ ውኃውስ ዝም አላለም። ሲወርድም ለፈጣሪው ይታዘዛል፤ በቧንቧ ገብቶ ሲያበራም ይታዘዛል። ለመሆኑ ትናንት ሌሊት መጽሐፍህን በምን ብርሃን አነበብኸው?» አሉት። እርሱም የየወንዙ ኃይል ዛሬ በአንድ መስመር ስለ ተገናኘ የቱ መብራት ከየቱ ውኃ እንደ መጣ ለይቶ መናገር እንደማይቻል አስረዳ። «እንግዲያማ፣» አሉ መሪጌታ፣ «ዕዳውን የእኔ ነው የሚል የጠፋው ለዚህ ነዋ!»

ሳቅን፤ መልሱም መልካም ነበር። ነገር ግን ጥያቄውን የሚጨርስ ሆኖ አላገኘነውም። ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ ውስጥ ቆመው ፍጥረታትን ለምስጋና ሲጠሩ ምንጮችን፣ ባሕሮችንና ወንዞችንም ጠርተዋል፤ የጠሯቸውም ምን ይጠቅሙናል ብለው አይደለም። ደግሞም ሥነ ፍጥረትን የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ውኃ ወደ አንድ ስፍራ ተሰብስቦ የብስ የተገለጠው በዕለተ ማክሰኞ ነው፤ አዳም የተፈጠረው በዕለተ ዓርብ ነው። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ የሚቀዳውም የሚያደንቀውም ሰው ሳይኖር ፈጣሪው መልካም እንደ ሆነ አይቶለታል። ስለዚህ ውኃ መልካምነቱን ከእኛ ጥቅም አልተበደረም ማለት ነው። የጠቀመንን ያህል ብቻ መልካም ነው የሚል ሰው ከዓርብ በፊት ያሉትን ቀናት ከመጽሐፉ የፋቀ ይመስለናል።

ከዚህ ተነሥቶ መብራት ኃጢአት ነው የሚል ቢኖር ግን አንስማማም። በመንገዳችን ላይ በማገዶ ሸክም ጎብጠው የሚወርዱ እናቶች አግኝተናል፤ ሌሊት በኩራዝ የምትወልድ ሴትም ጭንቋን ታውቀዋለች። ለአንድ ቀን መጥተን ፏፏቴው ቀጠነ ብለን የምናዝን እኛ ማታ በጨለማ የማናድር ሰዎች ነን፤ ኀዘናችን የጠገበ ሰው ኀዘን እንዳይሆን መፍራት ይገባናል።

የዘጌን ነገር ያነሣነው በዚህ ጊዜ ነው። በዚያ አገር፣ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ እንደ ወረደው ትውፊት፣ በበሬ ማረስ የተከለከለ ነው። ሰዎቹ ግን ደኑን እንዲሁ እያዩ አልኖሩም፤ ከዛፉ ጥላ ሥር ቡና ተክለው፣ ለቅመው፣ ሸጠው ይኖራሉ። መጠቀምም መከልከልም በአንድ ደን ውስጥ አብረው አሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባም ነበር፤ በጾም ከሥጋና ከወተት የምንርቀው ርኩስ ስለ ሆኑ አይደለምና፤ የተፈቀደውን እንኳ መተው እንድንችል ነው። ሆዳችንን እንዲህ ያስጾምን ሰዎች፣ እጃችን ማብሪያና ማጥፊያው ላይ ሲደርስ ጾም ትዝ ብሎን ያውቃልን? አዳም በገነት የታዘዘው ሁለት ነገር ነበር፤ መሥራትና መጠበቅ። ሁለተኛውን ለዘበኛ የተውነው ይመስላል።

ይህን እየተነጋገርን፣ አንዳንዴም ዝም እያልን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ሐይቁ ዳር ተመለስን። የማደሪያችንን በር ከፍተን ስንገባ አምፑሉ ይበራል። ሌሊት ለጸሎት ስንነሣ አብርተነው፣ ማልደን ስንወጣ ሳናጠፋው ቀርተን፣ ሰው በሌለበት ቤት ቀኑን ሙሉ ሲበራ ውሏል። ተማሪው አየው፤ ምንም አልተናገረም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ራሳቸው ሄደው አጠፉት።