ሳይለዩ መቍረጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ፤ ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኞች አይሮፕላን የሚሠራው፥ በጉዞ ላይ አንዱ ሞተር ቢበላሽ በቀረው በአንዱ በርሮ በደኅና ማረፍ እንዲችል ተደርጎ ነው። እንግዲህ የአንድ ሞተር መበላሸት ብቻውን ለጥፋት አያደርስም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋትን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ የሰው እጅ በችኮላ የሚሠራው ነው።

ስለዚህ አብራሪዎች የሚማሩት ሥርዓት አላቸው። አስቀድሞ አይሮፕላኑን አረጋግቶ መያዝ፤ ቀጥሎ የታመመው ሞተር የትኛው እንደ ሆነ በመሣሪያዎቹ መመርመር፤ በመጨረሻም አንዱ እጁን በመዝጊያው ላይ አኑሮ «ይህ ነውን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ሁለተኛው ተመልክቶ «አዎን» ሳይለው አለመዝጋት ነው። ይህንንም በምድር ላይ ሆነው በየጊዜው ይለማመዱታል። ሥርዓቱ አጭር ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥት፥ ምርመራና ምክር ሦስቱም በውስጡ አሉ።

ይህ ሥርዓት ሲጓደል ምን እንደሚደርስ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። እኛ በዓለ ልደትን ባከበርን በማግሥቱ፥ ታኅሣሥ 30 ቀን 1981 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 8 ቀን 1989) እሑድ ማታ፥ አንድ ቦይንግ 737 አይሮፕላን 118 መንገደኞችና 8 ሠራተኞች ይዞ ከሎንዶን ወደ ቤልፋስት ተነሣ። ከ28,000 ጫማ ከፍታ በላይ በደረሰ ጊዜ በግራው ሞተር ከሚሽከረከረው ማራገቢያ አንዱ ምላጭ ተሰበረ። አይሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ፤ የጢስ ሽታም ገባ። ዋናው አብራሪ የታመመው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ረዳቱም ግራው ነው ሊል ጀምሮ፥ ወዲያው ቃሉን ለውጦ ቀኙ ነው አለ። የጤነኛውንም ሞተር ኃይል ቀነሱ፤ ኋላም ዘጉት።

እጅግ የሚያስፈራው ቀጥሎ የሆነው ነው። ኃይልን በራሱ የሚያስተካክለው መሣሪያ አብሮ ተቋርጦ ነበርና፥ ወደ ታመመው ሞተር የሚሄደው ነዳጅ አነሰ፤ መንቀጥቀጡም ጋብ አለ። እነርሱም ደግ ያደረጉ መሰላቸው። ዋናው አብራሪ ነገሩን እንደ ገና ሊመረምር ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የሬዲዮ ጥሪ አቋረጠው። ወደ ኢስት ሚድላንድስ ማረፊያ ሲቀርቡ ኃይል ቢፈልጉ የታመመው ሞተር ፈጽሞ ከዳቸው፤ ጤነኛውን ለማስነሣት ጊዜ አልቀረም። አይሮፕላኑ በኬግዎርዝ መንደር አጠገብ በአውራ ጎዳና ዳር ወደቀ፤ 47 ሰዎች ሞቱ፤ 79 ተረፉ።

ከመንገደኞችና ከአስተናጋጆች መካከል ከግራው ሞተር እሳት ሲወጣ በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። ዋናው አብራሪ ችግሩ በቀኙ እንደ ሆነ በድምፅ ማጉያ ሲናገር ተሰማ፤ ያየውን ግን ወደ አብራሪዎቹ ያደረሰ አልተገኘም። አዋቂ ባለበት «እኔ ማን ነኝ?» የሚል አሳብ አፍን ይዘጋልና።

አሁን ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈውን እናስብ። በማዕበል በተያዘችው መርከብ 276 ነፍሳት ነበሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስም እስረኛ እንጂ የመርከብ አዛዥ አልነበረም። መርከበኞቹ ታንኳይቱን አውርደው ሊሸሹ ባሰቡ ጊዜ ግን ዝም አላለም፤ ለመቶ አለቃው ተናገረ። ቀድሞ በቀርጤስ የጳውሎስን ምክር ቸል ያለው መቶ አለቃም አሁን «እስረኛ ምን ያውቃል?» አላለም። ወታደሮቹ የታንኳይቱን ገመድ ቈረጡ። በዚያም መቍረጥ ነበረ፤ ነገር ግን የተቈረጠው ሊቈረጥ የሚገባው ነበር፤ ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ደረሱ።

ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፤ ይህን የምጽፈው በአብራሪዎቹ ልፈርድ አይደለም፤ እነርሱም ከቍስለኞቹ ጋር የወደቁ ናቸው። እኔ ራሴ በክህነት ዘመኔ ከሁለት ተጣይዎች አንዱን ብቻ ሰምቼ የፈረድሁበት ቀን አለ፤ ጠቡ ጸጥ ባለ ጊዜም ፍርዴ የቀና መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን የተገፋው ጤነኛው እንደ ነበረ ዐወቅሁ። በአጥቢያም ሁከት ሲነሣ እንዲሁ ይሆናል። ስለ ሙዳየ ምጽዋት ሒሳብ የጠየቀ ዲያቆን «አዋኪ» ተብሎ ይታገዳል፤ ጕባኤውም ጸጥ ይላል። ይህ ጸጥታ ግን የመዳን ምልክት አይደለም፤ የተዘጋው ጤነኛው ነው፤ ሕመሙ በቦታው ተቀምጦ የችግሩን ሰዓት ይጠብቃል።

ስለዚህ የምንፈርድ ሁላችን ከመቍረጣችን በፊት እንለይ፤ ከቈረጥንም በኋላ ነገሩ ስለ በረደ ብቻ ልባችን አይረፍ፤ ተመልሰን እንመርምር፤ ዝቅ ያለውንም ሰው እንጠይቅ። ምእመናንም፥ እሳቱን በዓይናችሁ ካያችሁ፥ በትሕትና ግን በግልጥ ተናገሩ። ለአባት ማክበር ማለት ሲሳሳት አይቶ ዝም ማለት አይደለም፤ መንገዳችሁ አንድ ነውና፥ እርሱ ቢወድቅ አብራችሁ ትወድቃላችሁ።

የማዕበሉ ጌታ እግዚአብሔር ለሚመሩት ማስተዋልን፥ ለሚመሩላቸውም የእውነትን ድፍረት ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።