ቃሉን ከነሥራው ያዢው

ልጄ፣ ጉባኤና ዝግጅት በሚያሰናዳ ድርጅት መቀጠርሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አባትሽ እንዳጫወተኝ ግን ደስታሽ ሥጋት አለበት፤ ደብዳቤውም፣ ስልኩም፣ ውሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ የተማርኩት እንግሊዝኛ ለዚህ አይደርስልኝም ብለሽ የቃላት ዝርዝር እየጻፍሽ ታመሻለሽ። ትጋትሽ መልካም ነው። እኔም ዕድሜዬን የገፋሁት እንግዳ በመቀበልና ስብሰባ በማሰናዳት ነውና የማውቀውን ልንገርሽ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ አባቶች የተናገሩትን እየጨመርኩ ነው የምመክርሽ።

አስቀድመሽ የሙያሽን ክብር እወቂ። ከተማሽ የጉባኤ ከተማ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነች። ከሦስት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ልማት ገንዘብ የመከረው የዓለም ጉባኤ እዚሁ ተካሄደ። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ደብዳቤ የጻፈ፣ ወንበር የቆጠረ፣ ስም ከፎቶ ጋር ያመሳከረ ሰው አለ። አንቺም የገባሽው በዚያ ሰልፍ ውስጥ ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል፤ ይህም ሥራ የሚሆነው ለሚያውቀው ነው።

ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ ቃሉን ብቻውን አትያዥው፣ ከነሥራው ያዢው። በዚህ ሙያ እያንዳንዱ ቃል አንድን ሰው፣ አንድን ቀን ወይም የሆነ ገንዘብ ያዛል። ቬኑ ማለት የዝግጅት ቦታ ነው ብለሽ ጽፈሽ ብታልፊ ቃሉ ደብተርሽ ላይ ይቀራል። ቬኑ ሲባል ስንት ሰው ይይዛል፣ መድረኩ ከየት ይታያል፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ድምፅ ማጉያውንም ይችላል ወይ፣ በዊልቸር የሚመጣ እንግዳ በየት ይገባል የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ከመጡልሽ ግን ቃሉን ያዝሽው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

የወንበር አደራደሩን ውሰጂ። ቲያትር ስታይል ሲሉሽ ወንበር ብቻ ነው፣ ጠረጴዛ የለውም፤ ብዙ ሰው የሚይዘው እሱ ነው። ክላስሩም ሲሉ ከወንበሩ ፊት ጠረጴዛ ይኖራል፤ ያው አዳራሽ የሚይዘው ሰው በእጅጉ ይቀንሳል። ዩ ሼፕ ተሰብሳቢዎች ፊት ለፊት እየተያዩ የሚወያዩበት ነው። ባንኬት ለግብዣ የሚሆን ክብ ጠረጴዛ ነው፤ ካባሬ የሚሉት ደግሞ ያው ክብ ጠረጴዛ ሆኖ ማንም ለመድረኩ ጀርባውን እንዳይሰጥ ወደ መድረኩ ያለው ጎኑ ባዶ የሚተው ነው። እነዚህን ቃላት ወረቀት ላይ ከማጥናት አንድ ቀን ከሆቴሉ ሠራተኞች ጋር ሆነሽ ወንበር ስትደረድሪ ዋዪ። ከዚያ በኋላ ደንበኛው «ሦስት መቶ ሰው፣ ክላስሩም» ሲልሽ አዳራሹ እንደማይበቃ ሳትለኪ ትነግሪዋለሽ።

የገንዘቡን ቃል ደግሞ በጥንቃቄ ያዢ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ፕሮፎርማ የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ ገና ክፈይ አላለሽም። ኢንቮይስ ግን ክፍያ ይጠይቅሻል። ዲፖዚት ቀብድ ነው፤ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ከውሉ ላይ አንብቢ። ካንስሌሽን የሚለው አንቀጽ ዝግጅቱ ቢሰረዝ ከስንት ቀን በፊት ስታሳውቂ ምን ያህል እንደምትከፍዪ ይናገራል። ሆቴሎች ከዋጋው ኋላ ፕላስ ፕላስ ብለው ሲጨምሩ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያና ታክስ ገና አልተደመረም ማለታቸው ነው። ለአንድ ሰው ምሳ 1,000 ብር ፕላስ ፕላስ ነው ቢሉሽ፣ የአገልግሎቱ 10 በመቶ ሲጨመር 1,100 ይሆናል፤ በዚያ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ሲደመር 1,265 ይደርሳል። እንግዳሽ 200 ከሆነ 200,000 ብር ያልሽው ምሳ 253,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ይህን ልዩነት በዕለቱ ለደንበኛ ከማስረዳት ፕሮፎርማው ሲመጣ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ «እሺ» ነው። በእኛ ዘንድ እሺ ብዙ ጊዜ አክብሮት ነው፤ ሰውን ፊት ለፊት ላለማሳፈር እሺ እንላለን። በዚህ ሥራ ግን በእንግሊዝኛ የተሰጠ እሺታ ቃል መግባት ነው፤ ሰሚው በዚያው ላይ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለት ቃላትን ለይተሽ ያዢ፦ ቴንታቲቭና ኮንፈርምድ። ቴንታቲቭ ገና አልተቆረጠም፣ ቀኑ ወይም አዳራሹ ለጊዜው ተይዟል ማለት ነው። ኮንፈርምድ ተቆርጧል፣ ኃላፊነቱ መጥቷል ማለት ነው። ያላረጋገጥሽውን ተናጋሪ ፕሮግራም ላይ እንደ ተረጋገጠ አድርገሽ አታውጪ። እርግጠኛ ካልሆንሽ «አጣርቼ ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት አሳውቅዎታለሁ» በዪ፤ ከዚያም ባልሽው ሰዓት አሳውቂ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለው አባቶች የማሉት ቃል ስለሚያስከብር ነው። በስልክ የተባባላችሁትንም እንደዘጋሽ በአጭር ኢሜይል ጽፈሽ ላኪ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የተጻፈ ግን ሁለታችሁንም ይዳኛል።

ሦስተኛው የጊዜ ነገር ነው። ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው ለእንግዳው 9 ሰዓት ነው። ሾፌሩ በእኛ፣ እንግዳው በእሱ አቆጣጠር ካሰቡ አንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ይቀራል። በአገር ውስጥ ለሚሠራ ሰው የምትሰጪውንና ለውጭ እንግዳ የምትልኪውን ሰዓት ጎን ለጎን አድርገሽ ጻፊ። ቀኑም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ጁንን ሰኔ ብሎ ይተረጉምና ጁን 5ን ሰኔ 5 ያደርገዋል። ጁን 5 ግን ግንቦት 28 ነው፤ ሰኔ 5 የሚውለው ጁን 12 ነው፤ በመካከሉ ሙሉ ሳምንት አለ። ወሩን በቁጥር መጻፍም አትልመጂ፤ 05/06 ለእንግሊዙ የጁን 5 ቀን ሲሆን ለአሜሪካዊው የሜይ 6 ቀን ነው። የወሩን ስም በፊደል ጻፊው፣ የሳምንቱንም ቀን ጨምሪበት፤ ስህተት ቢኖር ሐሙስ የሚለው ቃል ያጋልጠዋል። በበይነ መረብ የሚካፈሉ ካሉም የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ እንደማይለወጥ፣ የለንደንና የዋሽንግተን ግን በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚለወጥ አትርሺ።

አራተኛው፣ የሰው ስምና የሰው ማዕድ። የመመዝገቢያ ቅጹ ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም ይላል፤ የእኛ ሰው ግን የሚጠራው በራሱ ስም ነው፣ ሁለተኛው የአባቱ ነው። በላስት ኔም ብቻ የተደረደረ ዝርዝር ይዘሽ በር ላይ ብትቆሚ ኢትዮጵያዊው እንግዳ ስሙን ሲነግርሽ ልታገኚው አትችዪም። ዝርዝሩን በሁለቱም አዘጋጂ። ባጅ ከመታተሙ በፊት ስሙን ለባለቤቱ ልከሽ አስነብቢ፤ ማዕረግንም እንዲሁ። አምባሳደርና ሚኒስትር በእንግሊዝኛ ኤክሰለንሲ ይባላሉ፤ ለወንዱ ሂዝ፣ ለሴቷ ኸር መሆኑን አትሳቺ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የባጅ ወለምታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደረት ላይ ተሰክቶ ይውላል።

በማዕዱ በኩል ቬጀቴሪያን ያለሽ እንግዳ ወተትና እንቁላል ሊበላ ይችላል፤ ቪጋን ያለሽ ግን ከእንስሳ የሚገኝ ምንም አይበላም። የእኛ የጾም ምግብ የሚቀርበው ለሁለተኛው ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመው ወገንሽ ያዘዝሽው ምግብ ብዙ ጊዜ ለቪጋኑም ይሆናል። ሐላል ለሚልሽ እንግዳ ሥጋው ከየት እንደመጣ ሳታጣሪ አትመልሺለት። ግሉተን ፍሪ ያለሽን ደግሞ «ጤፍ ነው፣ ይብሉ» ብለሽ አትለፊው፤ ጤፍ ራሱ ግሉተን ባይኖረውም እንጀራው ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላልና ማዕድ ቤት ገብተሽ ጠይቂ። አለርጂ የሚለው ቃልም በቅጹ ላይ ካለ ቀልድ የለውም፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

አምስተኛ፣ ሁለት ፊት ያላቸውን ቃላት ፍሪ። በስብሰባ ቋንቋ አንድን ሐሳብ ቴብል እናድርገው ሲባል ለእንግሊዙ ለውይይት እናቅርበው ማለት ነው፤ ለአሜሪካዊው ደግሞ ለጊዜው እናቆየው ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት በዚሁ ቃል ረጅም ክርክር መግጠማቸውን ዊንስተን ቸርችል ስለ ጦርነቱ በጻፉት ታሪክ ውስጥ አስፍረውታል። ሁለቱም የፈለጉት ጉዳዩ ዛሬውኑ እንዲታይ ነበር። እነዚያ እንግሊዝኛን ከእናት ጡት ጋር የጠጡት እንዲህ ከተጣሉ አንቺ «ይቅርታ፣ አሁን እንወያይበት ማለትዎ ነው ወይስ እናቆየው?» ብለሽ ብትጠይቂ ምን ነውር አለበት? መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ሳይገባሽ አንገትሽን አትነቅንቂ።

ስድስተኛው ስለ አስተርጓሚዎች ነው። በጉባኤ ላይ ሁለት ዓይነት ትርጉም አለ። አንዱ ተናጋሪው ጥቂት ተናግሮ ሲያቆም የሚተረጎም ነው፤ ኮንሴኩቲቭ ይሉታል። እሱ ካለ የንግግሩ ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን አስበሽ ፕሮግራሙን አስፊ። ሌላው ሳይመልታኔየስ የሚሉት፣ አስተርጓሚው በመስታወት ክፍል ሆኖ እየሰማ በዚያው የሚተረጉመው ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የኑረምበርግ ችሎት በአራት ቋንቋዎች ከሠራ ወዲህ ዓለም የለመደው አሠራር ነው። አእምሮን ያደክማልና አስተርጓሚዎቹ ጥንድ ሆነው በግማሽ ሰዓት ገደማ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ለአንድ ቋንቋ አንድ ሰው ብቻ ቀጥረሽ ወጪ ቆጠብኩ አትበዪ። የተናጋሪዎቹንም ጽሑፍ ቀድመሽ አድርሺላቸው።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ በአማርኛሽ አትፈሪ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል ያሰሙት በአማርኛ ነበር። ቋንቋ የሰውን ክብር አይለካም። ቃለ ጉባኤ፣ ምልዓተ ጉባኤ፣ አጀንዳ ማጽደቅ የሚሉትን ሥራዎች በአማርኛ አጥርተሽ ከተረዳሽ እንግሊዝኛው የሚጨምርልሽ ስማቸውን ብቻ ነው። በአማርኛ ያልገባሽ ሥራ ግን በማንኛውም ቋንቋ አይቃናልሽም።

እንግዲህ እንዴት እለማመድ ትዪኝ ይሆናል። ለአንድ ዝግጅት የሚሆን ሙሉ የሥራ ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ምስጋናው ድረስ በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ማን፣ መቼ፣ በስንት የሚለውን ሙዪ። ከዝግጅቱ በፊት የሚያስፈልጉሽን ቃላት አንድ ሳምንት፣ የዕለቱን ቃላት ሌላ ሳምንት፣ ከዝግጅቱ በኋላ ያለውን የሪፖርትና የሒሳብ ቃል ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ያዢ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተለማመጂ፤ ዓይን ያወቀው ቃል አፍ ላይ ሲደርስ ይሰናከላልና። ከባልደረባሽ ጋር አንዳችሁ ደንበኛ፣ አንዳችሁ አሰናጅ ሁናችሁ ተነጋገሩ፦ በረራው የዘገየ ተናጋሪ፣ ስሟ ከዝርዝሩ የጠፋ እንግዳ፣ መሥራት ያቆመ ማይክሮፎን። ይቅርታ መጠየቂያውን ዓረፍተ ነገር በተለይ አጥኚ፤ ሰው ሲቆጣብሽ አዲስ ዓረፍተ ነገር መፍጠር ከባድ ነው። ዓረፍተ ነገርሽን አሳጥሪ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ አንቺ የምታነጋግሪው ሰውም ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛን በትምህርት ያገኘ የዳካር ወይም የካይሮ ሰው ነው፤ ጥራቱን እንጂ ጌጡን አይፈልግም።

ይህን ሁሉ ጉባኤው ሳይቃረብ አድርጊው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአንድ ጊዜ ሁሉን ካልያዝኩ ብለሽም አትጨነቂ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዝግጅት ሲያልቅ አዲስ የሰማሽውን ቃልና ያዘዘሽን ሥራ ጻፊ፤ ከአንቺ በኋላ ለሚቀጠረውም ልጅ አሳዪው። ዕውቀት የደበቀ አሰናጅ በታመመ ቀን ጉባኤው አብሮት ይታመማል።

ልጄ፣ እንግዳ ተቀብሎ ማክበር ከእናትሽ ቤት ይዘሽው የወጣሽው ነው፤ እንግሊዝኛው የሚጨመርበት መሣሪያ ነው። ቃልሽን የሚታመን፣ ሥራሽን የሚመሰገን ያድርግልሽ። የተከልሽው ይጽደቅልሽ፣ የጠራሽው ይምጣልሽ፣ የመጣውም ደስ ብሎት ይመለስልሽ። አሜን በዪ።