በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ

በአንዲት የገበያ ከተማ ቅቤ ሻጮች ቅዳሜ ቅዳሜ ከዋርካው ሥር ይደረደሩ ነበር። ገዢ ስትመጣ ሻጯ ኮባውን ገለጥ ታደርግላታለች። ገዢዋም በጥፍሯ ቆንጠር አድርጋ ታሸታለች፣ መዳፏ ላይ ፈተግ ታደርገዋለች፣ ከጠረጠረች ምላሷ ላይ ጣል ታደርጋለች። "ይሄስ ሰንብቷል" ካለች ሻጯ ወይ ዋጋ ትቀንሳለች፣ ወይ "እሺ የኔ እናት፣ ይሄኛውን እይው" ብላ ሌላ ታወጣለች። ክርክሩ ያደክማል፣ አቧራውና ፀሐዩም አለ። ነገር ግን የተታለለች ሴት በሳምንቱ ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለች፤ ሻጯ እዚያው ቦታዋ ላይ ናት።

አንድ ነጋዴ ይህን አየና ከገበያው ዳር ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ወለሉን ሲሚንቶ አስደረገ፣ መደርደሪያ አቆመ፣ ቅቤውን እኩል እኩል መዝኖ በኮባ አስጠቀለለ። "እዚህ ፀሐይ የለም፣ ክርክር የለም፣ ዋጋው ቁርጥ ነው" አለ። "አንድ ደንብ ብቻ አለኝ፤ ኮባው አይፈታም። እጅ ሲበዛበት ይቆሽሻል። በቀይ ክር የታሰረው የዚህ ሳምንት ነው፣ በነጭ ክር የታሰረው ያለፈው ሳምንት። ክሩን እመኑ።"

ሰዉ ወደደለት። ዋጋው ከዋርካው ሥር ከፍ ቢልም ለንጽሕናውና ለክሩ ሲል ከፈለ። ክሩም እውነቱን ይናገር ነበር፤ ሳምንቱ ሲያልፍ ቀዩ ተፈትቶ ነጭ ይታሰራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ለሳምንታት ቅቤ የሚፈልግ ጠፋና መደርደሪያው ሞልቶ ቆመ። የሆሳዕና ሰሞን ገዢው ሊጎርፍ ሲል ነጋዴው ሠራተኞቹን በማታ ጠርቶ "ሁሉንም በቀይ እሰሩት" አላቸው። አሰሩት።

አንዲት ባልቴት ለፋሲካ ዶሮ ብለው ባለ ቀይ ክሩን ገዙ። ቅዳም ስዑር ሊያነጥሩት ሲጥዱት ጠረኑ ቤቱን ሞላው፤ ሽንኩርቱን ከትፈው፣ ዶሮውን አጥበው ጨርሰዋል፣ ሌላ የሚገዙበት ገንዘብ የላቸውም። በዓሉ እንዳለፈ ቅቤውን ይዘው ሄዱ። በር ላይ ያለው "እኔ ዘበኛ ነኝ" አላቸው። መዛኙ "እኔ እመዝናለሁ እንጂ አልጠቀልልም" አላቸው። ገንዘብ ተቀባዩ ቀና እንኳ ሳይል "የተሸጠ አይመለስም" አለ። "ባለቤቱስ?" ቢሉት "አገር ቤት ሄደዋል። ደግሞስ እማማ፣ ሲገዙ አያሸቱትም ነበር?" አላቸው።

"አፍንጫዬንማ እዚሁ በራችሁ ላይ አስቀምጬላችሁ ነው የገባሁት" አሉ ባልቴቷ።

በሳምንቱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተመለሱና መደርደሪያው አጠገብ ቆመው ኮባውን አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር። ገንዘብ ተቀባዩ ጮኸ። "ወይ ክሩ እውነት ይናገር፣ ወይ አፍንጫችንን መልሱልን" አሉት። ይህን ጊዜ ነጋዴው ከጓዳ ወጣ፤ አገር ቤት አልነበረም።

ሱፐርማርኬት ስንገባ የምንዋዋለው ውልም ይኸው "ኮባው አይፈታም፣ ክሩን እመኑ" የሚለው ነው። ጉሊት ቲማቲሙን በእጃችን መርጠን እንገዛለን። ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን በላስቲክ የታሸገውን ግማሽ ሊትር ወተት ቀምሰን አንገዛም። በመቅመሱ ፈንታ ማሸጊያው ላይ የታተመውን ቀን፣ የፍሪጁን ቅዝቃዜና መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን ዋጋ እናምናለን፤ ጭማሪ የምንከፍለውም ለእነዚህ ነው። የዋጋ ወረቀቱ የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ላይ ተለጥፎ ስናገኘው፣ የእርጎው ክዳን አብጦ ስናየው፣ አይስክሬሙ ቀልጦ ዳግም እንደረጋ ክዳኑ ሥር የተጋገረው በረዶ ሲነግረን፣ መደርደሪያው ላይ ያነበብነው ዋጋ ካሸሯ ዘንድ ሌላ ሆኖ ሲጠብቀን፣ የተበጠሰው ያ ውል ነው። የመልሱ ሳንቲም በማስቲካ ሲተካ ንቀቱ ይብሳል፤ እኛ በማስቲካ ብንከፍል የሚቀበለን የለምና።

መብራት እንደሚጠፋ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ እንደሚወደድ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውለው ካሸርም የምትወቀስበት ምክንያት አይታየኝም፤ የተበላሸ ዕቃ የመቀየር ሥልጣን ማንም አልሰጣትም። ጥያቄዬ ሥልጣኑ ያለው ሰው ለምን ከጓዳ አይወጣም ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት ሰጥቶታል። እኛ ግን የጎመዘዘውን ወተት ማጠቢያው ላይ ደፍተን፣ ለጎረቤት አማርረን ዝም እንላለን፤ ደረሰኙንም አብረን እንጥለዋለን። ደረሰኙን ይዞ መመለስ፣ "ኃላፊውን ጥሩልኝ" ማለት፣ እስኪመጣም መቆም ያስፈልጋል።

መብራት ጠፍቶበት ያደረውን እርጎ በጠዋት ከመደርደሪያ ማንሳት ኪሳራ ነው። ኪሳራው ግን የነጋዴው ነው፤ ለልጇ ቁርስ ብላ በገዛችው እናት ላይ ሊጣል አይገባም።