ሥራውን ወድዶ ሠሪውን መርሳት

አንድ ፊልም ታይቶ ሲያበቃ በተመልካቾች መካከል የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ማን ተወነበት?» የሚል ነው። «ማን ጻፈው? ማንስ አዘጋጀው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የደራሲውና የአዘጋጁ ስም በመስኮቱ ላይ በሚያልፍበት ሰዓት ተመልካቹ ጫማውን ይፈልጋል፤ ወይም ጣቢያ ይቀይራል። አበው «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይላሉ። ምሳሌው በአብዛኛው የሚነገረው ክፋት ወደ አድራጊው እንደሚመለስ ለማስጠንቀቅ ነው። ታዲያ መልካም ሥራስ ወደ ሠሪው ሊመለስ አይገባውምን? ሥራውን ወድዶ ሠሪውን አለማወቅ የዕውቀት ጉድለት ብቻ ነው ወይስ የምስጋና ዕዳን ያለመክፈል ጥፋት?

ይህ ጥያቄ በሐርጌሳ፣ በተለይም በዳሚ ሰፈር ለሚኖር አማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ዳሚ ገቦዬ ተብለው የሚጠሩት ማኅበረሰቦች መኖሪያ በመሆኑ የታወቀ ሰፈር ነው። እነዚህ ወገኖች በብረት ሥራ፣ በቆዳ ሥራና በፀጉር ማስተካከል ለረጅም ዘመን ሲያገለግሉ፣ አገልግሎታቸውን የሚሻው ኅብረተሰብ በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ ሲያገልላቸው ቆይቷል። ኢትዮጵያዊው ይህን ከሀገሩ ያውቀዋል። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ጋቢውን የሚሸምነው፣ ምጣዱን የምትሠራው «ቡዳ»፣ «ጠይብ» እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ልማዱ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው።

ፊልም ሠሪ እንደ ቀጥቃጩ አይሰደብም፤ ይዘነጋል እንጂ። የሁለቱ በደል ክብደት አንድ አይደለም። ሥራቸው ግን ይቀራረባል፤ ሁለቱም የሚበቅሉት ነገሩ ከሰው እጅና ከሰው ሐሳብ መውጣቱን ረስቶ፣ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ያህል ቆጥሮ ከመጠቀም ነው።

ሠሪውን የሚያውቅ ተመልካች የሚያተርፈው ነገር አለ። በጎንደር የተወለዱትን ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን እንውሰድ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም የቀረጹት በ1974፣ የንጉሡ ሥርዐት በሚንገዳገድበት ወቅት ነበር፤ ለተመልካች የበቃው በ1976 ነው። በፊልሙ ውስጥ ጭሰኞች በባለ ርስቱ ሥር ሲማስኑ፣ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ እንደ ዕብድ ይቆጠራል፤ እውነቱን በአደባባይ የሚናገረው ግን እርሱ ነው። በ2008 በወጣው «ጤዛ» ደግሞ ጀርመን ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰው አንበርብር መንፈስ እንደያዘው ተቆጥሮ ጠበል ይወሰዳል። ሁለቱን ፊልሞች በተዋንያኑ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንዱን የጭሰኛ፣ ሌላውን የምሁር ታሪክ ብሎ ይለያያቸዋል። በደራሲው በኩል የሚያያቸው ግን አንድ ሰው በሁለት ዘመን የጠየቀውን አንድ ጥያቄ ያገኛል፦ ማኅበረሰብ ሕመሙን የሚነግረውን ሰው ለምን በሽተኛ ይለዋል?

ስም ማወቅ ዋጋ ማወቅም ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርተው ሲጨርሱ በአሜሪካ የሚያከፋፍልላቸው ድርጅት ስላላገኙ አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳይተዋል። «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የፊልም ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘው ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ፊልም የአንድ ሰው ድካም ውጤት አይደለም፤ ካሜራ የያዘው፣ ድምፅ የቀረጸው፣ መብራት ያቆመው፣ ምስሉን የቆራረጠውና የቀጠለው ሁሉ ድርሻ አላቸው። ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ በአማርኛ ድምፅ ባቀረባቸው የውጭ ተከታታይ ድራማዎችም ቃሉን የተረጎመውና ድምፁን ያዋሰው ባለሙያ አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ በ1954 ባሳተመው ዝነኛ መጣጥፍ የፊልም እውነተኛ ደራሲ አዘጋጁ መሆን እንዳለበት ሲሟገት፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩትን የፊልም ጽሑፍ ደራሲዎች አጥብቆ ነቅፏል። አንዱን ለማንገሥ ሌላውን መጣል የተረሳውን ከማስታወስ ይልቅ የሚረሳውን መለወጥ ነው። ስለዚህ «ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ስም ላይ መቆም የለበትም።

ሌላው ተቃውሞ ከሀገር ልማድ የሚመነጭ ነው። የጥንት ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ስማቸውን በሥዕሉ ላይ አላኖሩም፤ ዘመናዊው ሰው ለምን ስሙን ይፈልጋል? በእርግጥ በጣና ሐይቅ ደጋ እስጢፋኖስ በሚገኝ ሥዕል ላይ የ15ኛው ክፍለ ዘመኑ ሠዓሊ የፍሬ ጽዮን ስም ተጽፏል፤ ልማዱም አንድ ወጥ አልነበረም። ከዚህ በላይ ግን ትሕትና የሠሪው ስጦታ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ሠሪው ስሙን ሲሰውር ያምርበታል፤ ተጠቃሚው ሲሰውርበት ግን ንጥቂያ ነው።

ስም ምስጋናን ብቻ ሳይሆን ተጠያቂነትንም ይጠራል። በ2014 ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፎ ያዘጋጀው «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ፊልሙ የተመሠረተው በ1996 ለጋብቻ ተጠልፋ ጠላፊዋን በገደለችው በአበራሽ በቀለና ጠበቃ ሆነው በቆሙላት በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ እውነተኛ ታሪክ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ፤ አበራሽ ታሪኳ ያለ ፈቃዷ እንደተወሰደ በመግለጽ አቤት ብላ ነበር። ክርክሩ ራሱ ያስተማረው ነገር አለ፦ የደራሲው ስም በታወቀበት ቦታ የባለ ታሪኳ ቅሬታ የሚደርስበት አድራሻ ይኖረዋል። ባለቤት የሌለው ሥራ ግን አይመሰገንም፤ አይከሰስምም።

በዚህ ረገድ የሐርጌሳ ሕዝብ ለእንግዳው የሚያስተምረው መልካም ወግ አለው። በሶማሊ ልማድ የሰውን ግጥም የሚያነበንብ ሰው የገጣሚውን ስም ይጠራል፤ ቃሉንም ሳይለውጥ ለማድረስ ይጥራል። ገጣሚና የተውኔት ደራሲ «አብዋን» ተብሎ ይከበራል፤ በ1968 የቀረበው «ሸቤልናጎድ» የተሰኘ ተውኔት እስከ ዛሬ የሚነሣው ከደራሲው ከሐሰን ሼኽ ሙሚን ስም ጋር ነው። የቃል ዕዳን በዚህ ያህል የሚጠነቀቅ ኅብረተሰብ የእጅ ባለሙያውን ሲያገልል መኖሩ፣ ምስጋና ለሁሉም ሠሪ እኩል እንደማይከፈል ያሳያል። ቅኔ ዘራፊውን አክብሮ ሸክላ ሠሪዋን ሲያንቋሽሽ የኖረው የኢትዮጵያ ሰውም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለም።

ስለዚህ በዳሚ በአንድ ቤት ተሰብስቦ የሀገሩን ፊልም የሚያይ ቤተሰብ የሚጠበቅበት ነገር ብዙ አይደለም። ስሞቹ አልፈው እስኪያልቁ መቀመጥ፣ ልጆች «ይኼ ማን ነው?» ሲሉ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ ከተዋናዩ ጋር ደራሲውን ጠርቶ መፈለግ በቂ መነሻ ነው። ይህን የለመደ ልጅ በማግሥቱ ጫማውን የሰፋለትን ሰው ስም መጠየቁ አይቀርም።