ብድር በምድር

አባቶቻችን «ብድር በምድር» ሲሉ፥ ሰው በሌላው ላይ የሠራው ደግም ሆነ ክፉ ሳይሞት በዚሁ ምድር ይከፈለዋል ማለታቸው ነው። እኔ ግን በይርጋጨፌ ተቀምጬ ዙሪያዬን ስመለከት፥ ቃሉ ሌላ ጥያቄ የያዘ ይመስለኛል። ከምድር የተበደርነውን ለምድር መመለስ ይገባናልን? አበዳሪው አፍ የሌለው ሲሆንስ ዕዳው ዕዳ መሆኑ ይቀራልን?

ይህን እንድመረምር ያነሣሣኝ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ነው። ለዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ማሟያ የመረጠው ጥናት፥ የወደቀ ቅጠል ሲበሰብስ በውስጡ ያለው ምግብ ወደ አፈር እንዴት እንደሚመለስ የሚመረምር ነበር። የብርብራ፥ የዋንዛና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብስቦ፥ አድርቆና መዝኖ፥ በናይለን መረብ ከረጢት እየከተተ በአንድ ሽማግሌ ጓሮ ከቡናውና ከእንሰቱ ሥር አኖረ። በየጊዜውም ጥቂት ከረጢት እያነሣ እንደገና ይመዝን ነበር፤ የጎደለው ክብደት ፈርሶ የሄደው ነውና።

ቅጠል ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር በዝናብ ቶሎ ታጥቦ ይወርዳል፤ ናይትሮጅን ግን ትልና ምስጥ፥ ፈንገስና ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ቅጠሉን እስኪያፈርሱት ድረስ ይቆያል። የብርብራ ቅጠል ቶሎ ሲፈርስ፥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠንካራና ዘይት ያለበት ስለ ሆነ ይዘገያል።

የጌዴኦ አገር ተራራው ቀጥ ያለ፥ ዝናቡም ብዙ ነው። ሕዝቡ ግን ቡናን፥ እንሰትንና የአገር ዛፎችን በአንድነት እያሳደገ፥ የቈረጠውንም ቅጠል በመሬቱ ላይ እየተወ ለብዙ ትውልድ ኖሮበታል። ዩኔስኮም በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

ወጣቱ ሥራውን ሊፈጽም ሲቃረብ ሽማግሌው፥ «ልጄ፥ ቅጠሉን ከዚህ ወሰድህ፤ መዘንህ፤ ጻፍህ። የጻፍኸውስ ወዴት ይወድቃል?» ብለው ጠየቁት። እርሱም የሚመልሰው አጥቶ ነገሩን ወደ እኔ አመጣው።

አንዳንድ ሰው፥ ዕውቀት የዓለም ሁሉ ሀብት ስለ ሆነ የአንድ ጓሮ ዕዳ የለበትም ይል ይሆናል። ደግሞም የይርጋጨፌ ቡና በየዓመቱ የአፈሩን ምግብ ይዞ ባሕር ይሻገራል፤ በዋጋው ልጆች ይማራሉና ሌብነት ነው የሚል የለም። ይህ እውነት ነው። ምንም ነገር ከቦታው አይውጣ የሚል ሰው ገበሬውን ቡናህን አትሽጥ ማለቱ ነው።

እንግዲህ አፈሩ ለምን አላለቀም? አንደኛ፥ የሚወስደው ሁሉ የሚተወው አለው፤ ቅጠሉ በወደቀበት ይቀራል። ሁለተኛ፥ ብርብራ በሥሩ እባጭ ባስጠጋቸው ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ፥ ሌላው ተክል ሊደርስበት የማይችለውን ለጎረቤቱ ያወርሳል። ወደ ውጭ አገር የሄደ ወይም በከተማ የሚሠራ ልጅ እንደ ብርብራ ቢሆን፥ መሄዱ ለአገሩ በረከት እንጂ ጉዳት አይደለም።

ነገር ግን ሁሉ ነገር ከአየር አይመጣም። ፎስፎረስ የሚገኘው ከድንጋይ እጅግ በዝግታ ነው፤ ከታጠበም የሚተካው የለም ማለት ይቻላል። በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው። ገንዘብ ከሩቅ ይላካል፤ የታመመን መጠየቅ፥ ታናሽን ማስጠናት፥ በሸንጎ እውነትን መመስከር ግን ከሩቅ አይላክም።

ወጣቱ ጽሑፉን ካስረከበ በኋላ ተመልሶ፥ የቀሩትን ከረጢቶች በሽማግሌው ደጅ ፈትቶ በጌዴኦ ቋንቋ አስረዳ። የብርብራው ነገር ለሽማግሌው አዲስ አልሆነባቸውም። ልጃቸው ግን ከጓሮው ግማሹን መንጥሮ ባሕር ዛፍ ሊተክል ያሰበ ነበርና፥ ያልፈረሰውን ቅጠል በእጁ ይዞ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ምን እንደ ወሰነ አልሰማሁም። ቢሆንም ዕውቀቱ ከበቀለበት ሥር ወድቋል፤ ምርጫው የባለ መሬቱ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ አበዳሪ ዝም በማለቱ ዕዳ አይሰረዝም። ዳኛ ፈርቶ የሚከፍል ሰው ገና ታማኝነቱ አልታወቀም፤ የሚታወቀው ማንም ሳይጠይቀው ሲከፍል ነው። ምድር ከሳሽ ሆና ሸንጎ አትቆምም፤ ነገር ግን ያልተከፈላትን ዕዳ፥ ምንም ካልተበደሩት ከልጅ ልጆቻችን ትቀበላለች። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ ቡና ተሸጦ፥ እናት ተርባ የተማራችሁትን ዕውቀት፥ በዚህ ዓመት ከማን ሥር እንደምትጥሉት ዛሬ አስቡ።