ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ፦ ለአርሲ መንገድ ጎማ ስለመምረጥ

ልጄ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ ተዛውረህ ሥራ መጀመርህን፣ ያችን ኮሮላም ይዘህ መምጣትህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ሚኒያፖሊስ ያለው ታላቅ ወንድምህ «እኛ በረዶ ላይ የምንነዳበትን ጎማ አራቱንም እልክልሃለሁ፣ አንተም ደጋ ነው ያለኸው» ማለቱ ከፍቅር ነው፤ ምስጋናህን አታጓድልበት። እሺ ከማለትህ በፊት ግን እኔን ስማኝ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። በሚኒሶታ መንገድ የተመሰከረለት ጎማ በአርሲ መንገድም ይመሰከርለታል ማለት አይደለም።

አስቀድመህ መንገድህን እወቅ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ስትወጣ 2,800 ትደርሳለህ፤ ከአናትህ ላይ ያለው የጭላሎ ተራራ ደግሞ 4,000 ሜትር ይደርሳል። በሌላ በኩል ወደ አዳማ ስትወርድ ኢተያን አልፈህ ዴራ ላይ ስምጥ ሸለቆ ትገባለህ፤ እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ እግር ያቃጥላል። ጠዋት በቆጂ በጉም ውስጥ በርዶት የተነሳው ጎማ፣ ከሰዓት ዴራ ላይ በግለት ይንከባለላል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን፣ ያውም በሦስት ሰዓት መንገድ ውስጥ ነው። እንግዲህ ለአርሲ ሰው የሚያስፈልገው ጎማ ሁለቱንም የሚችል ነው።

የበረዶ ጎማ ብለው ፈረንጆቹ የሚሠሩት ለሌላ ነገር ነው። ላስቲኩ በብርድ እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጎ ይቀመማል። ተራው ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየጠነከረ ይሄድና መንገዱን መያዝ ይሳነዋል፤ የበረዶ ጎማ ግን በዚያን ጊዜ ነው ጉልበቱ የሚታየው። ፊንላንዶች በፈረንጆች 1934 የመጀመሪያውን የበረዶ ጎማ የሠሩት ወደው አይደለም፤ መንገዳቸው ለወራት በረዶ ለብሶ ስለሚከርም ነው። ከካዱ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ዘመን ጀምሮ ለአሰላ እንግዳ ያልሆኑት ስዊድኖችም ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ መንገዱ በረዶ ከያዘ ያለበረዶ ጎማ መንዳትን በሕግ ከልክለዋል። ካናዳ ውስጥ በኩቤክ ግዛት ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ግዴታ ነው። ወንድምህ የሚኖርባት ሚኒሶታ እንዲህ ያለ ግዴታ ባትጥልም ብርዷ ራሱ ያስገድዳል፤ ለእሱ የበረዶ ጎማ መግዛቱ ልክ ነው፣ በርታ በለው። ያንኑ ጎማ ግን እዚህ አምጥተህ ዴራ ላይ በሐምሳ ዲግሪ አስፋልት ብታስኬደው ለስላሳው ላስቲክ ተፍቆ ያልቃል፤ ደረቅ መንገድ ላይም መሪው ይላላብሃል፣ ፍሬን ስትይዝም አርቆ ይቆማል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዳይሆንብህ።

በእኛ አስፋልት ላይ እንደነሱ አገር ተጋግሮ የሚከርም በረዶ የለም። ያለን ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጉም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ፣ አልፎ አልፎም ድንገት መንገዱን ነጭ የሚያደርግ የጠጠር በረዶ ነው። በበቆጂና በመራሮ መካከል እንዲህ ያለው በረዶ ሲጥል ጎማህ ምንም ቢሆን አትመነው፤ ፍጥነትህን ቀንስ፣ የአደጋ ምልክት መብራትህን አብራ፣ የምትቆምበት ሰፊ ቦታ ካለ ከመንገዱ ወጥተህ ቁም። በሰዓት እኩሌታ ውስጥ ይቀልጣል።

የአርሲ መንገድ ጠላት ውሃ ነው። ደረቁ ወቅት አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ አስፋልቱ ላይ የከረመው አቧራና የፈሰሰው ዘይት ከውሃው ጋር ይቦካል፤ እነዚያን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ፍራቸው። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው ከመዳፍህ እምብዛም በማይሰፋ ቦታ ነው። መኪናዋን፣ አንተን፣ ከኋላ የጫንካቸውን እናትና ልጅ የያዙት አራት መዳፎች ናቸው ማለት ነው። ጎማው እዚያ ሥር የሚገባውን ውሃ በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ወደ ጎን ካላስወጣው፣ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና አስፋልቱን ይለቃል። ያን ጊዜ መሪው ቀለል ይልሃል፤ መኪናዋ ተመችቷት የምትሄድ ይመስልሃል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። እንዲህ ከሆነብህ ፍሬን አትርገጥ፣ መሪም አትጠምዝ፤ ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅና መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ጎማው መሬት ሲያገኝ በእጅህ ይታወቅሃል።

ስለዚህ የጎማ ጥርስ ለእኛ ከሁሉም ይቀድማል። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ቦዩ ውስጥ ጎንበስ ብለህ ብታይ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያሉ ድልድዮች አሉ፤ የት የት እንዳሉ ለማወቅ ጎማው ትከሻ ላይ ቲ ደብሊው አይ የሚለውን ፊደል ፈልግ። ጥርሱ ተበልቶ ከድልድዩ እኩል ሲሆን 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል፤ በብዙ አገር ሕግ እዚያ ላይ ጎማው አልቋል። አንተ ግን እስከዚያ አትጠብቅ። ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ውሃ ላይ የፍሬን ርቀቱ እየረዘመ ስለሚሄድ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ለካና ለውጥ። ከተንሸራተቱ በኋላ ጎማ መግዛት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሙልጭ ያለ ጎማ ወይ በረባሶ ይሠራበት ወይ ይጣል እንጂ ሰው በሚጫንበት መኪና ላይ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። አዲስ ጎማ ከገዛህ ኦል ሲዝን የሚሉትን፣ ለዓመቱ ወቅት ሁሉ የተሠራውን ፈልግ። በጎማው ጎን ላይ ኤምና ኤስ የሚሉ ሁለት ፊደላት ታያለህ፤ ጭቃና በረዶ ማለታቸው ነው። ሻጩ በእነሱ ብዙ ይምልልሃል። ፊደላቱን ግን ፋብሪካው የጎማውን ጥርስ አቀማመጥ አይቶ ራሱ ነው የሚጽፋቸው፤ በረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን አያሳዩም። የተፈተነው ጎማ ባለሦስት ጫፍ ተራራ፣ በመካከሉ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት አለው፤ በፈረንጆች ከ1999 ጀምሮ ነው ሥራ ላይ የዋለው። ጀርመን ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ኤምና ኤስ ብቻ ያለበትን ጎማ ለበረዶ መንገድ አትቀበልም። አንተ ከጀርመን ሕግ ጋር ጉዳይ የለህም፤ ነገር ግን ይህ ተራራ ያለበት ኦል ሲዝን ጎማ ላስቲኩ በብርድ ቶሎ አይጠነክርም፤ ስለዚህ ለበቆጂ ንጋት ይጠቅምሃል፣ ዴራም ላይ እንደ በረዶ ጎማ አያልቅብህም። ዋጋው ከተስማማህ እሱን ያዝ። ካላገኘህ ወይም ካልቻልክ አትጨነቅ፤ ጥልቅና ሰፊ ቦይ ያለው፣ በጥርሶቹ ላይ ስስ ስስ ስንጥቆች የተሰነጠቁበት ጥሩ የዝናብ ጎማ ለአርሲ ይበቃል። እነዚያ ስስ ስንጥቆች እርጥብ መሬት ላይ የሚነክሱ ጠርዞች ናቸው።

ልኩን አትቀይር። የአንተ ኮሮላ 195/65 በ15 ከሆነ ያንኑ ግዛ። ከልኩ ቀጥሎ 91 ኤች የሚል ካለ፣ 91 እያንዳንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ኤች ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ፍጥነቱ አያስፈልግህም፤ የሸክሙን ቁጥር ግን ወደ ታች አታውርድ፤ የእኛ ሰው ስንዴም ድንችም ከኋላ የዕቃ ቦታው ውስጥ ይጭናል።

አሁን የምነግርህን ደግሞ በደንብ ልብ በል፤ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2217 የሚል ብታይ በ22ኛው ሳምንት፣ በ17 ዓመት ተመርቷል ማለት ነው። ታዲያ የእኛ ሰው 17 ሲያይ 2017 ዓ.ም. ይመስለውና «የቅርብ ነው፣ ገና ትኩስ» ይላል። ቁጥሩ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ግንቦት 2009 ዓ.ም. ላይ የተሠራ ነው። ሻጩ አንተን ሊያታልል አስቦ ላይሆን ይችላል፤ እሱም እንዳንተ ተሳስቶ ይሆናል። ላስቲክ ደግሞ ባይነዳም ያረጃል፤ በተለይ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ከሆነ። ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ በየጊዜው ማስመርመር ነው፤ ዐሥር ዓመት ከሞላው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አትጠቀምበት።

ያገለገለ ጎማ ለመግዛት ከተገደድክ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ይዘህ ሂድ። ጎሚስታው ጋ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ይታይህ። ውስጡን በእጅህ ዳብሰው፤ የተለጠፈ ቦታ ወይም ያበጠ ነገር ካገኘህ ተወው። ጎኑን ጠምዘዝ አድርገህ እየው፤ የፀጉር ያህል ስስ ስንጥቆች ከተከፈቱ ላስቲኩ ደርቋል። ጥፍርህን ጥርሱ ላይ ተጫን፤ ትንሽ ከሰመጠ ገና ሕይወት አለው፣ እንደ ድንጋይ ከመለሰህ ዝናብ ላይ አይያዝልህም። ጥርሱ አንዱ ዳር ብቻ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የነበረበት መኪና ኮንቨርጀንሱ የተበላሸ ነበር። አንዳንዱ ሻጭ ጎማውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ያብረቀርቀዋል፤ የሚያብረቀርቀውን ሁለት ጊዜ እይ።

አራቱንም አንድ ዓይነት አድርግ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ አራት ዓይነት ጎማ ግን በእርጥብ ኩርባ ላይ አራት ሐሳብ ይዞ ይሄዳል። ገንዘብህ ለሁለት ብቻ ከደረሰ፣ አዲሶቹን ከኋላ አስገጥም። ሹፌሮቻችን ከፊት ያደርጋሉ፣ መሪው እዚያ ነው ይላሉ። የፊቱ ሲንሸራተት ግን ይሰማሃል፤ ፍጥነት ስትቀንስ ይመለሳል። የኋላው ከለቀቀ መኪናዋ ትዞራለች፤ ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚወርደው ኩርባ ላይ ያን ለመመለስ ጊዜ አታገኝም።

ነፋሱን ጠዋት፣ ሳትነዳ አስለካ። ስንት መሆን እንዳለበት በሹፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ ተጽፏል፤ የጎሚስታውን ግምት አትቀበል። አዳማ በቀትር ያስሞላኸው ጎማ በቆጂ በንጋት ሃያ ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ስታገኘው ሦስት ፒ ኤስ አይ ያህል ይቀንሳል። ከፍታው ደግሞ አየሩን ስለሚያሳሳው አንድ ተኩል ያህል ይመልስልሃል፤ ቀሪውን አንተ ትሞላዋለህ። የጎደለው ጎማ ጎኑ ላይ ይተኛል፣ ይግላል፣ ቦዩም ይጨፈለቅና ውሃ ማስወጣት ያቅተዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ዋልካ። ከአስፋልቱ ወጥተህ ወደ ገጠር ቀበሌ በክረምት ስትገባ ጥቁሩ አፈር የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ጎማውን ለስላሳ ያደርገዋል። የኮሮላ ጎማ፣ ተራራውም ይኑርበት ኤምና ኤስም ይኑርበት፣ ዋልካን አይችልም። ያ የሃይሉክስና ትላልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ሥራ ነው። መንገዱ ዳር አቁምና በእግርህ ሂድ፣ ወይም በባጃጅ ወይም በፈረስ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ቸኩለህ ገብተህ ሌሊቱን ጭቃ ውስጥ አታሳልፍ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ለወንድምህ ደውል። የበረዶ ጎማ ከሆነ ለራሱ ያስቀምጠው በለው። ኦል ሲዝን ከሆነ የጎማውን ጎን በስልኩ ፎቶ ያንሳልህ፦ ልኩ ከአንተ ጋር ይገጥም እንደሆነ፣ ተራራው ይኑርበት እንደሆነ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ምን እንደሆኑ እየው። ከሦስት ዓመት በላይ ካለፈው፣ የማጓጓዣውንና የቀረጡን ገንዘብ ለአንተ ይላክልህና አዲስ አበባ ወርደህ ደረሰኝ አስቆርጠህ አዲስ ግዛ። ሲገጠም ባላንስና ኮንቨርጀንስ ይሠራ፤ ከአሮጌዎቹ መካከል ደህናውን ለስኮርት አስቀር፣ እሱንም ነፋስ አስሞላው። መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ደግሞ ተመልሰህ ቡሎኖቹን አስጠብቅ፤ በእጅ ቁልፍ ይሁን፣ በማሽን ብቻ አይተዉልህ።